መልሱ በገባበት በር ይውጣ፦ ሁለት ኢንተርኔት ያለው ሰርቨር

እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 ካናዳ ውስጥ ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ኔትወርክ ተዘጋ። ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ። የአገሪቱን የዴቢት ካርድ ክፍያ የሚያስተናግደው ኢንተራክም አብሮ ቆመ። በዚያው በአንድ ኩባንያ ኔትወርክ ላይ ተንጠልጥሎ ነበርና። የሁሉም መነሻ በጥገና ሥራ መሀል የተደረገ አንድ የራውቲንግ (የዳታ መንገድ አመራረጥ) ለውጥ ነው። ኢንተራክ ከዚያ በኋላ ሌላ አቅራቢ እንደሚጨምር አስታወቀ።

እንዲህ ያለ ነገር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው ሁለተኛ መስመር ማስገባት ነው። ዛሬ ይህ ከባድ አይደለም። ፋይበር ያለው የ5ጂ ሞደም ይጨምራል፣ ወይም ጣራው ላይ የሳተላይት ዲሽ ይሰቅላል። ገመዱን ሰርቨሩ ላይ ባለው ሁለተኛ የኔትወርክ ካርድ ይሰካል፣ አድራሻ ይሰጠዋል፣ አለቀ ይላል። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። በአዲሱ መስመር ከውጭ የሚመጣ ሰው መግባት ያቅተዋል። አንዳንዴ ደህና ይሠራ የነበረው አሮጌው መስመርም አብሮ ይንገዳገዳል።

ብዙ ሰው በዚህ ጊዜ አቅራቢው ጋ ይደውላል። አቅራቢው «በእኛ በኩል መስመሩ ይሠራል» ይላል። እውነቱን ነው። ገመዱም ደህና ነው። ጉዳዩ ያለው ሰርቨሩ መንገድ የሚመርጥበት ዘዴ ላይ ነው። ዘዴው አንድ በር ላለው ቤት ይስማማል። ሁለተኛ በር ሲከፈትለት የትኛው እንግዳ በየትኛው በር እንደገባ አያስታውስም። እንዲያስታውስ ማድረግ የእኛ ሥራ ነው።

ከርነሉ የሚጠይቀው «ወዴት?» ብቻ ነው

አንድ ፓኬት (ዳታ ተቆራርጦ የሚላክበት ትንሽ ጥቅል) ከሰርቨር ሊወጣ ሲል ከርነሉ፣ ማለትም የሊኑክስ ማዕከላዊ ክፍል፣ የራውቲንግ ሠንጠረዡን ይከፍታል። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ይህ ፓኬት ወዴት ነው የሚሄደው?» ከየትኛው አድራሻ እንደተነሳ አይጠይቅም። የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደሆነም ግድ የለውም። ከሠንጠረዡ ረድፎች መካከል ከመድረሻው አድራሻ ጋር በብዙ ቢት የሚገጥመውን ይመርጣል። ሌላ የሚገጥም ከሌለ ዲፎልት ራውት የሚባለውን ይወስዳል። «የቀረው ሁሉ በዚህ ይውጣ» የሚል ረድፍ ነው። ወደ ኢንተርኔት የሚሄድ ነገር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚያልፈው በዚህ ነው።

አሁን ምሳሌ እንያዝ። አንደኛው መስመር ለሰርቨሩ 198.51.100.10 የሚል አድራሻ ሰጥቶታል፤ ጌትዌዩ (ወደ ውጭ የሚያወጣው መሣሪያ) 198.51.100.1 ነው። ሁለተኛው 203.0.113.10 ሰጥቶታል፤ ጌትዌዩ 203.0.113.1 ነው። (እነዚህ አድራሻዎች ለማስተማሪያ ብቻ የተለዩ ናቸው፤ በእውነተኛው ኢንተርኔት ላይ የማንም አይደሉም።) ሁለቱም መስመሮች የየራሳቸውን ዲፎልት ራውት ይዘው ይመጣሉ። ሊኑክስ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የሚጠቀመው ግን ሜትሪኩ (የምርጫ ቁጥሩ) ያነሰውን ነው። የአንደኛው መስመር ሜትሪክ ያነሰ ነው እንበል። ሁለተኛው ተጠባባቂ ሆኖ ይቀመጣል።

አንድ ደንበኛ በ203.0.113.10 በኩል ገጻችሁን ሊከፍት ይሞክራል። ጥያቄው በሁለተኛው መስመር ይገባል፣ ሰርቨሩ ይቀበለዋል፣ መልስ ያዘጋጃል። የመልሱ ላኪ አድራሻ 203.0.113.10 ነው። ሌላ ሊሆን አይችልም፤ ደንበኛው ያናገረው እሱን ነዋ። ከዚያ ከርነሉ ሠንጠረዡን ያያል። መድረሻው የደንበኛው አድራሻ ነው፤ እሱ ደግሞ «የቀረው ሁሉ» ውስጥ ይገባል። ስለዚህ መልሱ በአንደኛው መስመር ይወጣል፣ የሁለተኛውን መስመር አድራሻ ለብሶ።

አንደኛው አቅራቢ ይህን ፓኬት ሲያይ «ይህን አድራሻ እኔ አልሰጠሁህም» ብሎ ይጥለዋል። መጣሉም ትክክል ነው። በሐሰተኛ የላኪ አድራሻ የሚደረግ ጥቃትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው ቢሲፒ 38 የተባለው ምክር አቅራቢዎች ይህን እንዲያደርጉ ነው የሚያሳስበው። ደንበኛው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። የሚያየው ገጹ ሲሽከረከር ቆይቶ መቋረጡን ነው።

አቅራቢው ባያጣራስ? ያኔ ነገሩ የሚሠራ ይመስላል። እኔ ይህን ከመቋረጡ የበለጠ እፈራዋለሁ። መልሱ በተሳሳተ መንገድ እየዞረ ይደርሳል፣ ማንም ችግር አያይም። አንድ ቀን አቅራቢው ማጣሪያውን ሲያበራ ወራት የሠራው ሰርቨር በድንገት ይዘጋል። በእናንተ በኩል የተለወጠ ነገር ስለሌለ ምክንያቱን ማግኘት ያደክማል።

ሰዎችን በጣም የሚያሳስተው ደግሞ ሰርቨሩ ላይ ሆኖ መፈተሽ ነው። ከሰርቨሩ ወደ ውጭ ፒንግ («አለህ ወይ?» የሚል አጭር ጥያቄ) ይደረጋል፣ ይመልሳል። ገጽ ለመክፈት ይሞከራል፣ ይከፈታል። ሁሉም በአንደኛው መስመር ስለሚወጣ ደህና ነው። የተበላሸው በሁለተኛው መስመር ለሚገባ እንግዳ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ከውስጥ ሆኖ ማየት አይቻልም።

ከአንድ ሠንጠረዥ ወደ ብዙ

መፍትሔው አዲስ አይደለም። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ1999 ከወጣው ከርነል 2.2 ጀምሮ ፖሊሲ ራውቲንግ የሚባለውን ይዟል። ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሠንጠረዥ ብቻ ሳይሆን ብዙ ይኖራሉ። ከሠንጠረዦቹ በፊት ደግሞ «የትኛውን ሠንጠረዥ ላንብብ?» የሚለውን የሚወስኑ ደንቦች ይቀመጣሉ። ደንቦቹ የመድረሻውን አድራሻ ብቻ ሳይሆን የላኪውንም ማየት ይችላሉ። የጎደለን ይኸው ነበር።

ማንኛውም ሊኑክስ ገና ሲነሳ ሦስት ደንቦች አሉት። በቅድሚያ ቁጥር 0 ላይ ያለው የራሱን የማሽኑን አድራሻዎች የያዘውን ሠንጠረዥ 255ን ያሳያል። በ32766 ላይ ያለው ዋናውን ሠንጠረዥ፣ ማለትም 254ን ያሳያል። በ32767 ላይ ያለው ሠንጠረዥ 253ን ያሳያል፤ እሱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ነው። የእኛ ደንቦች በ0 እና በ32766 መካከል ይገባሉ።

ለአንደኛው መስመር ሠንጠረዥ 100ን እንፈጥራለን። ውስጡ ዲፎልት ራውት በ198.51.100.1 በኩል ይገባል። ለሁለተኛው ሠንጠረዥ 200ን እንፈጥራለን፤ የእሱ ዲፎልት በ203.0.113.1 በኩል ነው። ከዚያ ሁለት ደንብ እንጽፋለን። ላኪው 198.51.100.10 የሆነ ፓኬት ሠንጠረዥ 100ን ያንብብ። ላኪው 203.0.113.10 የሆነ ፓኬት ሠንጠረዥ 200ን ያንብብ። በቃ። ከዚህ በኋላ የሁለተኛውን መስመር አድራሻ የለበሰ መልስ በሁለተኛው መስመር ይወጣል።

እዚህ ላይ ብዙ መመሪያዎች የሚዘሉት ነገር አለ። ሰርቨሩ ከሁለቱ መስመሮች ሌላ የውስጥ ኔትወርክ፣ ቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ የሚዘረጋ የግል መስመር) ወይም ኮንቴነሮች (ፕሮግራም ለብቻው ተከልሎ የሚሠራባቸው) ካሉት ሠንጠረዥ 200 እነሱን አያውቃቸውም። ከ203.0.113.10 ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ ፓኬት እንኳ ወደ ውጭ ጌትዌይ ይላካል። እየዞራችሁ የውስጥ ራውቶችን በእያንዳንዱ ሠንጠረዥ መገልበጥ ትችላላችሁ። ግን አዲስ ኔትወርክ በተጨመረ ቁጥር አንዱ ይረሳል። የተሻለው ዘዴ ከሁለቱ ደንቦች በፊት አንድ ሌላ ደንብ ማስቀመጥ ነው፦ «መጀመሪያ ዋናውን ሠንጠረዥ አንብብ፣ የምታገኘው ዲፎልት ራውት ብቻ ከሆነ ግን እለፈው።» ሊኑክስ ይህን የሚፈቅድ አማራጭ አለው፤ ዜሮ ርዝመት ያለውን ራውት፣ ማለትም ዲፎልቱን፣ እንዲንቅ ይነገረዋል። ዋየርጋርድ የተባለውን ቪፒኤን የሚያስነሳው ስክሪፕትም ይህንኑ ዘዴ ይጠቀማል። አንድ ጊዜ ከለመዳችሁት ያለሱ መሥራት ያስጠላችኋል።

ሌላው የሚያምታታው ነገር ዋናው ሠንጠረዥ ዲፎልት ራውት አሁንም ያስፈልገዋል ወይ የሚለው ነው። ያስፈልገዋል። ሰርቨሩ ራሱ አዲስ ግንኙነት ሲጀምር፣ ለምሳሌ አፕዴት ሲያወርድ፣ የላኪ አድራሻ ገና አልተመረጠም። ከርነሉ መጀመሪያ መንገዱን ይፈልጋል፤ አድራሻውን የሚመርጠው በመንገዱ መሠረት ነው። አድራሻ የሌለው ፓኬት በላኪ ከሚለዩት ደንቦቻችን አንዱንም አይመታም፣ ስለዚህ ዋናው ሠንጠረዥ ላይ ይወድቃል። እዚያ ዲፎልት ካላገኘ «መንገድ የለም» ይባላል።

ይህ ሁሉ የሊኑክስ ጉዳይ ነው። ሊኑክስ አንዱ ካርድ የሌላውን ካርድ አድራሻ ይዞ ቢልክ ግድ የለውም። ዊንዶውስ ከቪስታ ጀምሮ ጠበቅ ያለ ነው፤ ፓኬት የሚወጣው አድራሻው ባለበት ካርድ በኩል ነው። በፒኤፍ ፋየርዎል የሚሠሩት ፍሪቢኤስዲና ኦፕንቢኤስዲ ደግሞ «መልሱን ጥያቄው በመጣበት መልስ» የሚል ትእዛዝ በደንባቸው ውስጥ አላቸው። በፒኤፍ ላይ የተሠራው ፒኤፍሴንስ የተባለው ፋየርዎል በውጭ መስመሮቹ ላይ ይህን በራሱ ስለሚጨምር ተጠቃሚው ችግሩ መኖሩን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል።

ቀላሉ ደንብ የማይበቃበት ቦታ

በላኪ አድራሻ የሚሠራው ደንብ ለዌብና ለኤስኤስኤች (ሰርቨርን ከሩቅ ለማዘዝ ለሚያገለግለው) አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል። እነሱ በብዛት በቲሲፒ ላይ ነው የሚሄዱት፤ ቲሲፒ ደግሞ ደንበኛው የመጣበትን አድራሻ ይይዛል። ዩዲፒ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ዩዲፒ ግንኙነት የሚባል ነገር አያውቅም። አንድ ፕሮግራም «በሁሉም አድራሻ እሰማለሁ» ብሎ ከተነሳ መልስ ሲልክ ለከርነሉ የሚነግረው መድረሻውን ብቻ ነው። የላኪው አድራሻ ባዶ ነው። ከርነሉ ዋናውን ሠንጠረዥ አይቶ በአንደኛው መስመር ያወጣዋል፣ 198.51.100.10 የሚለውንም ያለብሰዋል። ደንበኛው የጠየቀው 203.0.113.10ን ነው፤ ከማያውቀው አድራሻ የመጣ መልስ ስለሆነ ይጥለዋል። ደንቦቹ ልክ ናቸው፣ ሠንጠረዦቹም ልክ ናቸው፣ ግን አይሠራም። መፍትሔው ፕሮግራሙ ውስጥ ነው። ባይንድ የተባለው የዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚተረጉም) ሰርቨር በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ ለየብቻ ስለሚሰማ ይህ አይደርስበትም። ኦፕንቪፒኤን ለዚሁ የተዘጋጀ አማራጭ አለው፤ ካልበራ ግን አይሠራም። ዋየርጋርድ ደንበኛው የመጣበትን አድራሻ ራሱ ያስታውሳል። የእናንተ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ነገር ከሌለው በእያንዳንዱ አድራሻ ላይ አንድ አንድ ቅጂ ማስነሳት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ኮንቴነርና ፖርት ማስተላለፍ ነው። ዛሬ ብዙ አገልግሎት ዶከር በተባለው የኮንቴነር መሣሪያ ውስጥ ስለሚሠራ ይህን በተደጋጋሚ ታገኙታላችሁ። ጥያቄው በ203.0.113.10 ይገባል፣ ከዚያ መድረሻው ተቀይሮ 172.17.0.2 ወደሚባል ኮንቴነር ይሄዳል። ኮንቴነሩ ሲመልስ ላኪው 172.17.0.2 ነው። ይህ አድራሻ ወደ 203.0.113.10 የሚመለሰው ራውቲንጉ ካለቀ በኋላ ነው። ስለዚህ መንገድ በሚመረጥበት ሰዓት «ላኪው 203.0.113.10 ከሆነ» የሚለው ደንብ አይገጥምም። መልሱ በአንደኛው መስመር ይወጣል።

እዚህ የሚያስፈልገው በግንኙነቱ ላይ ምልክት ማድረግ ነው። ፋየርዎሉ፣ ኤንኤፍቴብልስም ይሁን አይፒቴብልስ፣ የመጀመሪያው ፓኬት በሁለተኛው ካርድ ሲገባ ግንኙነቱ ላይ «2» የሚል ቁጥር ይጽፋል። ከርነሉ ስለ እያንዳንዱ ግንኙነት በሚይዘው መዝገብ ላይ ቁጥሩ ይቀመጣል። መልሱ ሲመጣ ቁጥሩ ከግንኙነቱ ወደ ፓኬቱ ይገለበጣል፤ ይህም መንገድ ከመመረጡ በፊት ነው። ከዚያ «ምልክቱ 2 የሆነ ሠንጠረዥ 200ን ያንብብ» የሚል ደንብ ይበቃል። ከኮንቴነር ለሚመጣው ቁጥሩ የሚገለበጠው በመግቢያው ላይ ነው። ሰርቨሩ ላይ በቀጥታ ለሚሠራ ፕሮግራም ግን በመውጫው ላይ መሆን አለበት። ኤንኤፍቴብልስ ላይ የዚህ መውጫ ሰንሰለት ዓይነቱ «ራውት» ካልሆነ ምልክቱ ይጻፋል እንጂ መንገዱ እንደገና አይመረጥም። ይቺን አንዲት ቃል ሳያዩ ሌሊት ያሳለፉ ጥቂት አይደሉም።

ምልክት ስትጠቀሙ የተገላቢጦሽ መንገድ ማጣሪያውን አትርሱ። ከርነሉ «ወደዚህ ላኪ ብመልስ በዚህ ካርድ ነው ወይ የምወጣው?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ «አይደለም» ከሆነና ማጣሪያው 1 ላይ ከተደረገ ፓኬቱን ይጥላል። በ2 ላይ ከሆነ ላኪው በየትኛውም ካርድ ቢደረስበት ይቀበላል፤ 0 ማጥፋት ነው። ለሁሉም ካርዶች የተቀመጠው ዋጋና ለአንዱ ካርድ የተቀመጠው ሲለያዩ የሚሠራው ትልቁ ነው። ስለዚህ ካርዱ ላይ 0 ጽፋችሁ አጠፋሁት ብትሉ የሁሉም ዋጋ 1 ከሆነ አልጠፋም። ማጣሪያው ምልክቱን በራሱ አያይም፤ እንዲያይ የሚያደርግ ሌላ ቅንብር አለ። ብዙ ሰው ግን 2 ላይ አድርጎት ያልፋል፤ ብዙ መስመር ላለው ሰርቨር እኔም የምመርጠው እሱን ነው። ይህ ማጣሪያ ሲጥል ፓኬቱ በቲሲፒደምፕ (በካርዱ የሚያልፈውን ፓኬት የሚያሳይ ፕሮግራም) ላይ ገብቶ ይታያል፣ ፕሮግራሙ ጋ ግን አይደርስም። ይህን ምስል ካያችሁ ሌላ ነገር ከመንካታችሁ በፊት እሱን ፈትሹ።

ሦስተኛው ከሁሉም ተራ ነው፤ ግን ደጋግሞ ይመጣል። ሁለቱ ሞደሞች ከፋብሪካ የወጡበትን 192.168.1.0 የሚለውን ኔትወርክ ይዘው ይመጣሉ፣ ሁለቱም 192.168.1.1 ነን ይላሉ። ሰርቨሩ ሁለት ካርድ በአንድ ኔትወርክ ላይ ያለ ይመስለዋል። ምንም ደንብ ከመጻፋችሁ በፊት የአንዱን ሞደም ኔትወርክ ቀይሩ። ሁለቱን መስመሮች በአንድ ስዊች ላይ አታገናኙ፤ ሊኑክስ ለአንዱ ካርድ አድራሻ በሌላው ካርድ «እኔ ነኝ» ብሎ ሊመልስ ይችላል።

ሁለተኛው መስመር ሞባይል ወይም ሳተላይት ከሆነ አድራሻውን ተመልከቱ። ከ100.64 እስከ 100.127 የሚጀምር ከሆነ አቅራቢው ብዙ ደንበኞችን አንድ የውጭ አድራሻ ያጋራል ማለት ነው። በዚያ መስመር ወደ ውጭ መውጣት ይቻላል፣ ከውጭ ወደ ውስጥ መግባት ግን አይቻልም። የትኛውም ራውቲንግ ይህን አይፈታውም። ውጭ ከተቀመጠ ሌላ ማሽን ጋር ቪፒኤን መዘርጋት ያስፈልጋል።

አንዱ መስመር ሲሞት

እስካሁን ያየነው ሁለቱም ሲሠሩ ነው። ሁለተኛ መስመር የገባው ግን አንዱ ቢሞት ተብሎ ነበር።

ገመድ ሲነቀል ከርነሉ ያውቃል። ችግሩ ገመድ የሚነቀለው ከስንት አንዴ መሆኑ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው ከሞደሙ በኋላ ያለው ነው። ካርዱ መብራቱ ይበራል፣ ጌትዌዩ ፒንግ ይመልሳል፣ ኢንተርኔት ግን የለም። ሜትሪክ ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሰርቨር ወደ ሞተ መስመር እየላከ ይቆያል። ስለዚህ ራቅ ያለ ቦታን በየጊዜው የሚጠይቅ ፕሮግራም ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ብቻ አትጠይቁ፤ የሞተው መስመሩ ሳይሆን የምትጠይቁት ቦታ ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱ ጥያቄ ደግሞ በሚፈተሸው መስመር በኩል መውጣቱ የተረጋገጠ ይሁን። የሁለተኛውን መስመር ጤንነት የሚጠይቀው ፒንግ በአንደኛው ከወጣ ፈተናው ዋጋ የለውም። ይህን ስህተት የያዙ ስክሪፕቶች አይቻለሁ፤ ሁለቱ መስመሮች ሁልጊዜ አብረው «ይሞቱ» ነበር።

አንድ ፒንግ ስለጠፋ መስመር አትቀይሩ። በተከታታይ አራት አምስት ጊዜ ይጥፋ። መመለሻው ደግሞ ከመሄጃው የዘገየ ይሁን። የሚንገዳገድ መስመር በየደቂቃው ወደ እሱና ከእሱ የሚያመላልሳችሁ ከሆነ ፈጽሞ ከሞተው ይብሳል።

ሲቀየር የተከፈቱ ግንኙነቶች ይቋረጣሉ። የቲሲፒ ግንኙነት የሚታወቀው በሁለቱ አድራሻዎችና በሁለቱ ፖርቶች ነው፤ አንዱ አድራሻ ሲለወጥ ግንኙነቱ ሌላ ነው። መልቲፓዝ ቲሲፒ፣ በብዙ መስመር የሚሄደው የቲሲፒ ዓይነት፣ ይህን ይፈታል። ሊኑክስ እ.ኤ.አ. በ2020 ከወጣው ከርነል 5.6 ጀምሮ ይዞታል፤ ነገር ግን በሁለቱም ጫፍ መኖር አለበት።

ወደ ውጭ የሚወጣውን እንዲህ አዳናችሁት። ከውጭ የሚገባው ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱ መደባለቅ የለባቸውም። ደንበኛው የሚመጣው በዲኤንኤስ በተነገረው አድራሻ ነው። 198.51.100.10 ከሞተ የሰርቨሩ ሠንጠረዥ የፈለገውን ያህል ቢያምር ደንበኛው አያውቅም። አንዱ መንገድ ሁለቱንም አድራሻ በዲኤንኤስ ማስቀመጥ ነው፤ ብራውዘሮች አንዱ ካልመለሰ ሌላውን ይሞክራሉ። ሌላው መንገድ አድራሻውን መቀየር ነው፤ ለዚህ ደግሞ የዲኤንኤሱ የቆይታ ጊዜ አስቀድሞ ማጠር አለበት። መስመሩ ከሞተ በኋላ ማሳጠር አይጠቅምም፣ አሮጌው መልስ በየቦታው ተቀምጧልና። በእውነት አድራሻቸው ሳይለወጥ በሁለት አቅራቢ መድረስ የሚፈልጉ የራሳቸው አድራሻና የራሳቸው የኤኤስ ቁጥር (ኔትወርክን የሚለይ ቁጥር) ይዘው በቢጂፒ (ኔትወርኮች መንገድ በሚነጋገሩበት ቋንቋ) ይሠራሉ። በአይፒ ስሪት 4 ከ256 አድራሻ ያነሰ ክልል አብዛኛው የዓለም ኔትወርክ አይቀበልም፤ ስለዚህ ይህ ለትንሽ ሰርቨር የሚሆን አይደለም።

ሁለቱን መስመሮች ደምሮ ፍጥነት ማግኘትስ? ባለ 50 ሜጋቢት ሁለት መስመር ለአንድ ፋይል 100 አይሆንም። ሊኑክስ ከከርነል 4.4 ጀምሮ መስመር የሚያከፋፍለው አድራሻዎችን አስልቶ በግንኙነት ደረጃ ነው እንጂ ፓኬት በፓኬት አይደለም። አንድ ግንኙነት በአንድ መስመር ይሄዳል። ብዙ ተጠቃሚ ካለ ጥቅሙ ይታያል፤ ለአንድ ትልቅ ዳውንሎድ ግን ምንም ለውጥ የለም።

ዲኤንኤስ ሌላም ነገር ያበላሻል። የአቅራቢው የዲኤንኤስ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ለራሱ ደንበኞች ብቻ ነው የሚመልሰው። የአንደኛውን አቅራቢ ዲኤንኤስ በሁለተኛው መስመር ስትጠይቁ ዝም ይላል፤ ኢንተርኔቱ እያለ «ኢንተርኔት የለም» ይመስላል። ከሁለቱም መስመር የሚመልስ ዲኤንኤስ ተጠቀሙ፣ ወይም ሰርቨሩ ላይ የራሳችሁን አስቀምጡ።

ከመሄዳችሁ በፊት

በትእዛዝ የጻፋችሁት ደንብ ሰርቨሩ ሪስታርት ሲደረግ ይጠፋል። በኔትፕላን፣ በሲስተምዲ ኔትወርክዲ ወይም በኔትወርክማናጀር ኮንፊግ ውስጥ መግባት አለበት፤ ሦስቱም ደንብና ተጨማሪ ሠንጠረዥ ይቀበላሉ። አንዱን ብቻ ምረጡ። ከሩቅ ሆናችሁ የምትሠሩ ከሆነ ኔትፕላን የሙከራ ትእዛዝ አለው፤ በ120 ሰከንድ ውስጥ ካላረጋገጣችሁ የቀድሞውን ይመልሳል። ሌላ መሣሪያ የምትጠቀሙ ከሆነ ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሰርቨሩን ሪስታርት የሚያደርግ ቀጠሮ አስይዙና ጀምሩ። ሁሉም ሲሠራ ቀጠሮውን ሰርዙት፣ ከዚያ ኮንፊጉን ጻፉ።

አይፒ ስሪት 6 ካለ ይህን ሁሉ ለእሱም ድገሙት። ደንቦቹ ለየብቻ ናቸው፤ የስሪት 4 ደንብ የስሪት 6 ፓኬትን አይነካም። ግማሹ ደንበኛ እየገባ ግማሹ የማይገባ ከሆነ መጀመሪያ እዚህ ተመልከቱ።

ስትፈትሹ ከርነሉን ራሱን ጠይቁት። «ከ203.0.113.10 ተነስቼ ወደዚህ አድራሻ ብልክ በየት ታወጣኛለህ?» ብሎ የሚጠይቅ ትእዛዝ አለ፤ ምንም ፓኬት ሳይልክ መልሱን ይነግራችኋል። ከዚያ ቲሲፒደምፕን በሁለቱም ካርዶች ላይ አብሩና ከውጭ፣ ለምሳሌ ዋይፋዩ ከጠፋ ስልክ፣ ሁለቱንም አድራሻ ተራ በተራ ክፈቱ። ጥያቄና መልስ በአንድ ካርድ ላይ ጥንድ ሆነው መታየት አለባቸው። በአንዱ ካርድ ገቢ ብቻ፣ በሌላው ወጪ ብቻ ካያችሁ አንድ ደንብ ጎድሏል።

የመጨረሻው ፈተና ገመድ መንቀል ነው፤ የትኛውን ገመድ የሚለው ግን ለውጥ ያመጣል። በሰርቨሩና በሞደሙ መካከል ያለውን መንቀል ቀላሉን ጉዳይ ነው የሚፈትሸው። ከሞደሙ ወደ ውጭ የሚወጣውን ንቀሉት። የካርዱ መብራት እንደበራ፣ ጌትዌዩ እየመለሰ፣ ኢንተርኔቱ ብቻ ሲጠፋ ሰርቨሩ በስንት ሰከንድ እንደሚነቃ ሰዓት ይዛችሁ ቁጠሩ። ከዚያ መልሳችሁ ሰኩት፣ እስኪመለስ ድረስም ቁጠሩ።